ባዶ ተብሎ የተፈረመበት ሲሊንደር

መንግሥት ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን የቡታጋዝ መጠባበቂያ ዘግቶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ፣ ከመቶው ትልልቅ ሲሊንደር አርባው ለእኔ ደረሰኝ። ሀፍሷ እባላለሁ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነኝ። ወንድሜ ረዲ ብረት ይቆርጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። ሰነዱ «ሁሉም ባዶ» ይላል፤ ፊርማም ማኅተምም አለው። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

ረዲ መቁረጫውን ለኩሶ መነጽሩን ሲያደርግ አንድ ሽማግሌ ሰዉን እየገፉ መጥተው ፊቱ ቆሙ። ኮታቸው ነትቧል፣ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«አጥፋው!»

«አባባ፣ አላህ ይስጥዎ» አልኳቸው። ለማኝ መስለውኝ እኮ ነው፣ አፈር ልብላ!

«ዱባለ እባላለሁ። እዚያ መጋዘን ሃያ ሰባት ዓመት መዛኝ ነበርኩ። ልጄ፣ ከነዚህ ውስጥ ባዶ ያልሆነ ሊኖር ይችላል።»

ረዲ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቧንቧቸውን ሁሉ ከፍቼ አይቻለሁ። አንዱም ትንፍሽ አላለም።»

«ዝጎ ተደፍኖ ቢሆንስ?»

ረዲ እሳቱን አጠፋው።

ሙቅ ውሃ አምጪ አሉኝ፤ ከሻይ ቤቱ በጆግ እየተመላለስኩ አመጣሁ። በየሲሊንደሩ ጎን እያፈሰሱ በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ይዳብሳሉ። ሞቀ፣ ያልፋሉ። ሞቀ፣ ያልፋሉ። ብረቱን የሚጭነው መኪና መንገድ ዘግቶ ክላክስ ይነፋል፣ እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው። ረዲ ሊቆርጠው የነበረው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው መሀሉ ላይ ቆመ። እጄን ይዘው አስነኩኝ። ከላይ ይሞቃል፤ ከወገቡ በታች ቀዝቃዛ ነው።

«ፈሳሹ ጋዝ ሙቀቱን ይውጠዋል፤ እስከዚህ ድረስ አለው» አሉ።

ረዲ እዚያው መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። የሁለት ልጆች አባት ነው እኮ!

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ያ ረቢ! ባዶ ነው ብሎ የፈረመው ማነው? እጁ ይቆረጥ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ዱባለ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሃያ ሰባት ዓመት ሳልመዝን ፈርሜ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን ግን ሚዛኑም ተሽጦ ነበር። ፈርምና የስንብት ደብዳቤህን ውሰድ አሉኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ የገዛውን ሰው ፍለጋ መርካቶን ስዞር ሦስተኛ ቀኔ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ስልሳውን ማን ገዛው?»

«ሰሚር... ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለው» አልኩ። ሰሚር ዛሬ ጠዋት ነው መቁረጥ የጀመረው።

ስልኩ አይነሳም። ሱቁን ለረዲ ጥዬ፣ ያንኑ የረገምኩትን እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥቼ ይዤ አብረን ሮጥን።