የማይጎትት ውሻ

መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት፣ ከባፈና ዘሩ በፊት ውሻ በገመድ አስሮ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ሰው ታይቶ አይታወቅም። በሬ ይሳባል፣ አህያ ይሳባል፣ ግመል ይሳባል። ውሻ ግን ውሻ ነው፤ ሲያሰኘው ይከተላል፣ ሳያሰኘው ጥላ ሥር ይተኛል። እናም ያቺ ሽበታም ባልቴት ቀዩን ውሻዋን በጠፍር አስራ ብቅ ስትል አገር ሳቀ።

«እማማ ባፈና! አንቱ ነዎት ውሻውን የሚስቡት ወይስ ውሻው ነው አንቱን የሚስብ?»

ሆድ ይፍጀው ብላ ታልፋለች። እየሳቁ ቢቀሩላት በወደደች።

ባፈና ደገኛ ናት። ባሏ ውባንተ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ በዚያው ቀረና እሷም ተከትላው ወረደች። ቆላው መሬት ሰጣቸው፤ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ወባው ባልየውን ወሰደባት። የተረፋት አንድ ልጅ ነው፤ ያረጋል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ። ባፈናም አልተጫወተችም፤ የተጫወተባት መንግሥት ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ከወጣ ወዲህ ወጣት መታፈስ ጀምሮ ነበርና፣ ያረጋል ጨው ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ከሌሎች ጋር ታፈሰ። በጭነት መኪና አጉረው ይዘውት ሄዱ። እናቱ የሰማችው ከሄደ በኋላ ነው። መከታ የሚባለው ውሻው ግን፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው፣ መኪናውን ተከትሎ ሮጦ ኖሮ በማግስቱ መዳፉ ደም ለብሶ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ መከታ ጠፍቶ አደረና አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮበት መጣ። ባፈና ፈትታ ብታየው እሷው ፈትላ ያሠራችው የያረጋል ጋቢ ቁራጭ ነው። ውሻውን ተከትላ ሄደች፤ መከታም ከማሽላዋ ማዶ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ካለው ጥሻ ውስጥ አስገባት። ልጇ እዚያ ተኝቷል። ከጦሩ ጠፍቶ፣ ስንቱን አገር በእግሩ አቋርጦ፣ ንዳድ ይዞት፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ።

«እማየ፣ ጓንግ ሲጎድል ሱዳን እሻገራለሁ» አላት። «እስከዚያ ደብቂኝ።»

የመተማ መሻገሪያ በወታደር ተሞልቷል፤ ጓንግ ደግሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል። መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ የለም። የከዳ ወታደር ከተያዘ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል፤ የደበቀውም አይማርም።

ባፈና ተጠነቀቀች። ምግቡን በቅል አድርጋ፣ አረም የምታርም መስላ፣ ከማሽላው ጠርዝ አስቀምጣለት ትመለሳለች። ጠርቶ ማነጋገር የለም፤ ዓይን በዝቷል። ሁሉን ስትጠነቀቅ ያላሰበችው ውሻውን ነው። መከታ በየማለዳው ከደጅ ተነስቶ ሽው ብሎ ወደ ጥሻው ይሮጣል።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ደሞዝ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ የሚሊሻ አዛዥ። ከያረጋል ጋር አብሮ ያደገ፣ ከባፈና እጅ ስንቱን ቀን የበላ ልጅ ነበር።

«እማማ ባፈና፣ ይኼን ውሻ ወደ ጓንግ ምን ያመላልሰዋል?»

«ከርከሮ ነዋ ልጄ! ማሽላዬን ማን ይጠብቅልኝ?»

«እንጃ» አለ ደሞዝ፣ ዓይኑን ከወንዙ ሳያነሳ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ያበደ ውሻ ሰው ነክሷልና ልቅ ውሻ በጥይት ይመታል ተብሎ ታወጀ። ባፈና መከታን ቤት ብታስረው ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ያላዝናል። ጎረቤቷ አየሁሽ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «ይኼስ ሰው የሚጠራ ነው የሚመስል» አለቻት። አየሁሽ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን አፏ ወንፊት ነው። በገመድ ይዛው ብትወጣ ደግሞ ወደ ጥሻው ይጎትታታል፤ ለሚያያት ሰው በጣት ከመጠቆም በምን ይለያል? ያለ ውሻ እርሻ እንዳትወርድ ከርከሮው አለ፤ ውሻውን የት ጣልሽው የሚለውም አለ። ገድሎ መገላገልስ? ልጇ ያጎረሰውን? ሐሳቡ ሲመጣባት አማተበች።

ሐሚድ የሚባል ሱዳናዊ ነበር፤ በበጋ ግመል የሚነዳ፣ ክረምቱን ኮኪት ገበያ ላይ ሽንኩርትና ሳሙና የሚቸረችር። አንቱ ማለት አያውቅም፤ ሽማግሌውንም ቄሱንም አንተ ነው የሚል፣ ማንም አይቀየመውም። ባፈና ውሻው እየጎተታት፣ በጭቃው እየተንሸራተተች በፊቱ ስታልፍ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ኡም ያረጋል» አላት፤ የያረጋል እናት ማለቱ ነው። «አትምቺው፣ አትሳቢው። እሱ ሲጎትት አንቺ ቁሚ። ዝም ብለሽ ቁሚ። ዞሮ ሲያይሽ፣ ገመዱ ሲላላ፣ ያኔ ሂጂ። እኔ ግመሉን እንዲህ ነው የማስተምር። ሹወያ ሹወያ!» ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። ለምን እንደቸገራት አልጠየቃትም።

ኧረ ሲሉት ቀላል ይመስላል! የመጀመሪያ ቀን ከደጇ እስከ ገበያው ዋርካ ለመድረስ ረፋዱ አለቀባት። መከታ ይጎትታል፣ ባፈና ትቆማለች። ይዞራል፣ ገመዱ ይላላል፣ «ሹወያ» ብላ ትራመዳለች። እንደገና ይጎትታል፣ እንደገና ትቆማለች። ዝናቡ እላይዋ ላይ ይወርዳል፣ እሷ በመንገዱ መሀል ተገትራለች። ለአረም የወረዱት የጎጃም ሠራተኞች ከመኪና ላይ ሆነው ያፏጩባታል። ልጇን ሲወስዱባት አእምሮዋ ተነካ ያለም አለ። ይበሉ! እሷ በቆመች ቁጥር በልቧ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ጓንግ እስኪጎድል፣ ጓንግ እስኪጎድል ብቻ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሻው ገባው። ዋርካው ድረስ፣ ቀጥሎም እርሻው ድረስ፣ ገመዱ እንደላላ ከጉልበቷ ሥር ይሄድላት ጀመር። ጆሮው ወደ ወንዙ ይቆማል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፤ እግሩ ግን ከእግሯ አይቀድምም። ደስ አላት ልበል? ደስም አላት፣ አንጀቷንም በላት። በጥሻው ፊት ግን አልሞከረችውም፤ ፈራች። ምግቡን ልታስቀምጥ ስትሄድም ከማሳው ወዲህ ካለ ግራር ታስረዋለች። ለያረጋልም አልነገረችው። ምኑ ይነገራል? ውሻ መራመድ እያስተማርሁ ነው ይባላል?

መስከረም ጠባ፤ ጓንግም መጉደል ጀመረ። ያረጋል ሊሻገር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ደሞዝ ከሁለት ሚሊሻዎች ጋር ደጇ ላይ ቆመ።

«እማማ ባፈና፣ ውሻዎን ይያዙና ወንዙን ዳር ለዳር እንሂድ። ያረጋል ከጦሩ ጠፍቷል ብለው ልከውብናል። እዚህ ያለ እንደሆነ ይኼ ውሻ ይጎትታል። ከሌለም አንቱም ያርፋሉ፣ እኛም እናርፋለን።»

እምቢ ማለት ‹ልጄ እዚህ አለ› ብሎ መናገር ነው። ጠፍሩን አነሳችና መከታ አንገት ላይ ቋጠረችው።

እሷ ከነውሻዋ ከፊት፣ ሦስቱ ጠመንጃ አንግተው ከኋላ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፣ የጓንግ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። የኪዳነ ምሕረት ያለህ፣ ትላለች በሆዷ፣ ዛሬን ብቻ። ጥሻው ፊት ሲደርሱ የመከታ ጆሮ ቀጥ አለ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ። አንድ እርምጃ ወደ ጥሻው ቀደመ፤ ገመዱ ተወጠረ።

ባፈና ቆመች። አስባ አይደለም፤ እግሯ ለምዶ ቆመ።

መከታ ዞሮ አያት። አቤት ያ አስተያየት! ከዚያ ተመልሶ ከጉልበቷ ሥር ገባ፤ ገመዱ ላላ።

«ምነው ቆሙ?» አለ ደሞዝ።

«እሾህ ወጋኝ ልጄ።» ጎንበስ ብላ የሌለ እሾህ ከእግሯ ነቀለች። ቀና አለችና «ሹወያ» ብላ ተራመደች፤ ውሻውም አብሯት ተራመደ። ወንዝ ወንዙን ሄደው ሲመለሱ ደሞዝ እንደ ማፈር ብሎ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አላት። ይቅር አለችው፤ ያን ዕለት ዓለሙን ሁሉ ይቅር ባለች።

በማግስቱ ቅሉን ይዛ ብትሄድ የትናንቱ ምግብ አልተነካም። ጥሻው ውስጥ ገባች። ያረጋል የለም። በደረቱ የተሳበበት ጭቃ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ውሃው ገና ጎርፍ ነው። ባፈና በጓንግ ዳር ተቀምጣ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። ጮሆ ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላትም።

በበጋ ሐሚድ ግመሎቹን እየነዳ ከሱዳኑ ገዳሪፍ መጣ።

«ልጅሽ አለ» አላት። «በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራል።»

እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሐሚድ መሬት መሬት አየ።

«እናትህ ሰላም ትልሃለች ብዬ ስነግረው ፊቱን አዞረብኝ። ‹ሚሊሻ አስከትላ መጣች፣ በገዛ ውሻዬ። እፊቴ ስትደርስ ቆመች። ቆማ አሳየቻቸው። ያን ሳይ ወደ ውሃው ገባሁ› አለኝ። ‹ማንም ይጠቁም፣ እንዴት እናቴ?› ብሎ አለቀሰ፣ ያ ኡም ያረጋል።»

ባፈና ግመሉን ተደግፋ ቆመች።

«እንዳይጎትት እኮ ነው የቆምሁ» አለች። «አንተው አይደለህ ቁሚ ያልኸኝ? ንገረው! ሐሚድ ወንድሜ፣ በፈጠረህ ንገረው!»

ሐሚድ ያኔ ገባው። ሥራውን እንኳ ሳይጨርስ ተመልሶ ሄደ፤ ሰው ማለት እሱ ነው። ያረጋል ግን ከእርሻው ለቋል። በጭነት መኪና ወደ መሀል ሱዳን ሄደ አሉት፤ ካርቱም ገባ ያለው አለ፣ ወደ ባሕር ወደቡ ወረደ ያለው አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም።

ይህን የሰማች ዕለት ባፈና መከታን አስራ ወደ ጓንግ ወረደች። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል፤ ሕፃን ይሻገረዋል። ባዶው ጥሻ ፊት ቆመችና የገመዱን ጫፍ እጇ ላይ ጠመጠመች።

«ሂድ!» አለችው። «ሽታው አይጠፋህም አንተ። ውሰደኝ እሱ ዘንድ!»

መከታ ከጉልበቷ ሥር ሆኖ ቀና ብሎ አያት።

«ጎትት እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ጎትት፣ አባቴ፣ ጎትት!»

ገመዱን ከአንገቱ ፈታ ወረወረችው፤ በእጇም ገፋችው። ውሻው ተመልሶ ከእግሯ ጎን ቆመ። እስክትራመድ ይጠብቃታል።