የቆሎ መጠቅለያው ሃያሲ

በዚህች አገር የኮሚክ ጀግኖችን ገምግሞ ደረጃ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ልጄ የሳምንቱን አዳዲስ ኮሚኮች በስልኳ እያሳየችኝ፣ "አባ፣ የትኛው ይሻላል?" ስትለኝ፣ ካባ ለብሶ የሚበረውን ጀግና አይቼ በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ሱሉልታ፣ ባለሱቁ ኦቦ ጉተማ ደጃፍ ተመለስኩ።

ኦቦ ጉተማ ቆሎ የሚጠቀልሉት ከአዲስ አበባ በኪሎ በሚያመጡት የፈረንጅ ወረቀት ነበር። ቅዳሜ አዲስ ክምር ሲመጣ ኮሚኮቹን መርጬ፣ አይጥ የበላውን ገጽ እየገለጥኩ ለሰፈሩ ልጆች እተረጉማለሁ፤ እተቻለሁም። "ይሄ ሰነፍ ነው! መብረር እየቻለ አውቶብስ ይጠብቃል!" ሳቃችን እንጦጦን አልፎ ይሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ዓይናቸው መድከም የጀመረው ኦቦ ጉተማ ከኪሳቸው የሐኪም ወረቀት አወጡ።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንግሊዝኛ ታውቅ የለ? ምን ይላል?"

ልጆቹ ሁሉ አፌን እያዩ ነበር።

"ደህና ነዎት ይላል። ሲያርፉ ይለቅዎታል።"

"ተመስገን!" አሉና በዚያው ወረቀት ቆሎ ጠቅልለው ሰጡኝ። በላሁት።

ከወራት በኋላ ብሶባቸው ሲሄዱ ሐኪሙ፣ "በሳምንቱ ለኦፕሬሽን ይምጡ ብዬ ጽፌልዎት አልነበረም?" አላቸው። ጊዜው አልፎ ነበር።

አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ድምፄን ሲሰሙ፣ "ና እስቲ፣ የዛሬውን ጀግና አንብብልኝ። ዓይኔ አንተ አይደለህ?" ይሉኝ ነበር። እኔም አነብላቸው ነበር።

ልጄ መልስ ትጠብቃለች። "ሁለተኛው ይሻላል" አልኳት። ሥዕሉን አይቼ ነው፤ እንግሊዝኛ ያኔም አላነብም ነበር፣ ዛሬም አላነብም።