ነጯ ፒካፕና ናፍጣ ሞተሯ

ጉለሌ በሚገኘው የማኅበራት ጋራዥ ሥራ የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በወጣሁ በወሩ ነው። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አዲሱን ቱታዬን ለብሼ ስወጣ፣ ከሽመናው ቀና ሳይል "ብረት ይሻልሃል?" አለኝ። "ይሻለኛል" አልኩት።

ዋናው መካኒክ ጋሽ መኮንን ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ዲፕሎማዬን ላሳያቸው ስዘረጋ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "እሱን ለቢሮ ስጥ። አንተ ወዲህ ና" አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ ወደቆመ አንድ ማኪና ወሰዱኝና ረጅም ካቻቪቴ ሰጡኝ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አስደገፉኝ።

"ምን ይላል?"

"ይንኳኳል።"

"የቱ ጋ?"

አላወቅሁም። "እንግዲያው እስክታውቅ አዳምጥ" ብለውኝ ሄዱ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። "ነገም ና" አሉኝ። የመቀጠሪያ ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ረዳት መካኒክ ሆኜ አራት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠራሁ። የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ ብሎን በየትኛው ተራ እንደሚጠብቅ፣ ሞተር ከተገጠመ በኋላ መፍቻዎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ተመልሰው መታየት እንዳለባቸው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መካኒክ ተብዬ የማዕረግ ዕድገት ያገኘሁ ቀን ደግሞ የራሳቸውን መፍቻ ሰጡኝ። ብዙ ዘመን ስለያዙት እጀታው ልሙጥ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን ጠፋ። በደርግ ጊዜ የሠራ ሰው የኩፖኑን ሰልፍ ያስታውሳል። የሸማኔዎች ማኅበር ንብረት የነበረችው ነጭ ፒካፕ ከመጋዘን ክር ጭና ሽሮ ሜዳና ቁስቋም ታደርስ ነበር፤ ስትመለስ ደግሞ የተሸመነውን ትጭናለች። ኩፖኗ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ጋራዡ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ክር ሳይደርስ ሲቀር ሸማኔው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አባቴን በሥራ ቀን ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አላማረረም። ደጅ ላይ መቀመጥ ስለማያውቅበት ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ነበር።

ለእኛ ናፍጣ ማግኘት ከቤንዚን ይቀል ነበር። ግቢው ጥግ ደግሞ ከአንድ የተበላሸ ጄኔሬተር የተፈታ ትንሽ ናፍጣ ሞተር ነበር። እሱን ጠግኜ ፒካፗ ላይ ልግጠመው ብዬ ለኃላፊያችን ለጓድ በቀለ አመለከትኩ። ጓድ በቀለ ደስ አለው። ጋሽ መኮንን ደስ አላላቸውም።

"ዳገት ላይ ጉልበት አለው እኮ፣ ጋሽ መኮንን" አልኳቸው።

"ጉልበቱን ማን ካደ? ክብደቱስ? ይቺ ማኪና የተሠራችው ለቀላል ሞተር ነው። የፊት ሞላዋ ይተኛል። መንቀጥቀጡ ብሎኑን ሁሉ ያላላል። በብርድ ጠዋት ደግሞ አይነሳም። ማን ሊገፋት ነው?"

"ሸማኔዎቹ ይገፋሉ፤ ሥራ ፈተው የለ እንዴ?"

ሳቁ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሞላውን የሚያጠነክረውን ብረት ራሳቸው ይቆርጡ ጀመር። ያላመኑበትን ሥራ እንዲህ ከልባቸው የሚሠሩ ሌላ ሰው አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ፣ የካምቢዮው፣ ቀዳዳ ስለማይገጥም መሀሉ የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን አስቀረጽን። የሞተር መቀመጫውን በጥቂቱ ወደ ኋላ ሳብነው፤ መንቀጥቀጡን የሚያበርደውን የመቀመጫውን ጎማም ሁለት ጊዜ ቀየርነው። መጀመሪያ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ሾፌሩ አያልነህ እያጨበጨበ ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ጋሽ መኮንን "ሁሉን አየህ?" አሉኝ። "አይቻለሁ" አልኩ። እሳቸውም ዞር ዞር ብለው አዩና ለሙከራ እንድትወጣ ፈረሙ።

ክር ጭነን እኔና አያልነህ ወደ እንጦጦ ወጣን። የቤንዚኑ ሞተር ራዲያተር እያፈላ በአንደኛ ማርሽ የሚንፏቀቅበትን ዳገት በሁለተኛ ያዘችው። ቀርፋፋ ናት፤ ግን አታቋርጥም። አያልነህ "ይቺ በሬ ናት!" እያለ መሪውን ይደበድብ ነበር። ባህር ዛፉ መሀል ቆመን አየር ወሰድን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ስንወርድ ሁለተኛው ጠምዛዛ ላይ አያልነህ ፍሬን ያዘ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነበት። "አልይዝ አለ!" ብሎ ጮኸ። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ እኔ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። በመጨረሻ ከገደሉ አፋፍ ይልቅ የመንገዱን ግድግዳ መረጠና ማኪናዋን አፈሩ ላይ ቀረቀራት። እኔ ተረፍኩ። የአያልነህ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ጥፋቱን ያገኘሁት እዚያው መንገድ ዳር ነው። ፍሬኑን የምታግዝ ሰርቮ የምትባል ክብ ጣሳ አለች። ጣሳዋ የምትሠራው ቤንዚን ሞተሩ በቱቦ አየር ስለሚስብላት ነው። ናፍጣ ሞተር እንዲያ አይስብም። ቱቦውን በገዛ እጄ ከሞተሩ ጋር አገናኝቼው ነበር፤ የሚስብለት ነገር ግን አልነበረም። ግቢ ውስጥ በቀስታ ስንሞክራት፣ ባዶዋንም ስለነበረች፣ ልዩነቱ አልታወቀንም።

ኮሚቴ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የተሰበረ የሕዝብ ንብረት ዝም ብሎ ስብራት አይባልም፤ አንደኛው የኮሚቴ አባል ገና ከመጀመሪያው "አሻጥር" የሚለውን ቃል ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አሻጥር የተባለበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጓድ በቀለ "ማን ነው የሠራው?" አለ።

ከእኔ በፊት ጋሽ መኮንን ተነሱ። "ዋና መካኒኩ እኔ ነኝ። ፈትሼ፣ ፈርሜ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አሻጥር አይደለም፤ ሳላይ ቀርቼ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። ዞር ብለው አዩኝ። ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ድረስ የማላራግፈው ነገር ይሄ ነው፤ እሳቸው ስላዩኝ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት፤ ፈርቼም ነበር።

ውጭ ስንወጣ "ለምን?" አልኳቸው። "ውሸት አልተናገርኩም። አላየሁትም" አሉኝ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። "አያልነህን እየሄድክ ጠይቀው። ማኪናዋንም ጨርሳት።"

በኮሚቴው ውሳኔ ቆላ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት እርሻ ተዛወሩ። በተራ መካኒክነት። አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው የያዙት አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና የመሣሪያ ቦርሳቸውን ብቻ ነው።

ጨረስኳት። ከዲናሞው ኋላ ተገጥሞ አየር የሚስብ ትንሽ ፖምፓ ከተጣለ የናፍጣ ማኪና ላይ ፈትቼ ገጠምኩላት። በጭነት፣ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ታች አሥር ጊዜ አወረድኳት። ከዚያ በኋላ ለሸማኔዎቹ ዓመታት አገለገለች። አያልነህ እግሩ ሲድን እያነከሰ ተመልሶ እሷኑ ያዘ። የጋሽ መኮንን ስጋትም በከፊል እውነት ነበር፤ በየወሩ ብሎን አጠብቅ ነበር፤ በክረምት ጠዋት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ካልቆመች አትነሳም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ መኮንን ለአንድ ሳምንት ፈቃድ መጡ። ወባ ጨርሷቸዋል፤ ኮቱ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፒካፗን ይዤ ሄጄ ወደ እንጦጦ አወጣኋቸው። መንገዱን በሙሉ ሞተሩን ነበር የሚሰሙት። ላይ ስንደርስ ያን በሆዴ የያዝኩትን ነገር ልናገር ጀመርኩ። "ጋሽ መኮንን፣ ያኔ ኮሚቴው ፊት..."

"ኮፈኑን ክፈተው" አሉኝ።

ከፈትኩት። ፖምፓዋን በጣታቸው ነኩ፤ ቱቦዋን እስከ ጣሳዋ ድረስ ተከትለው ዳሰሱ። "ጥሩ ነው" አሉ። ቁልፉን ተቀብለው ቁልቁለቱን ራሳቸው ነዱ። ግርጌው ስንደርስ "እዚያ እርሻም ትንንሾቹ ማኪናዎች ሁሉ ናፍጣ ናቸው። ተሳስቼ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። በተከታዩ ዓመት እዚያው ቆላ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ከተቀበሩ በኋላ። ጋራዡ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚያ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል። ዘይት የሸተተ ኮታቸው፣ ቀስ ያለ ድምፃቸው ይናፍቀኛል። ጎበዝ መካኒክ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው አብሬው ብውል የምመኘው ግን የለም።

ወጣት መካኒኮች አሁንም፣ ትንሽ ናፍጣ ሞተር ለቀላል ፒካፕ ያዋጣል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ዳገት ለሚወጣ፣ ለማይቸኩልና ብሎን ለማጥበቅ ለማይሰለች ሰው ያዋጣል። አሮጌውን ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት ግን፣ ማኪናዋን ከማስሄድ ሌላ ምን ምን ይሠራ እንደነበር በወረቀት ጻፉ። ስትጨርሱ በስማችሁ ፈርሙ፤ ጥፋት ቢገኝ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።