የአባቴ ወናፍ የወጣበት ቅዳሜ

ብረት ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ታውቂው እንደሆነ እንጃ። አፍንጫ ገብቶ ምላስ ላይ የሚቀር፣ ሳንቲም የመጥባት ያህል ነው። እዚህ ደብረ ታቦር፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ዝቅ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት ተከፍቷል። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ያ ሽታ ደጃፉ ላይ ያዘኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቀና ስል ከበሩ በላይ «ዘመናዊ የብረትና የእንጨት ሥራ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር የባሌ አጎት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብየዳ ቤቱ የልጃቸው ነው።

«ነይ እስቲ እይ!» አሉኝ። «የልጄ እጅ እኮ ወርቅ ነው። ማንም ሳያስተምረው!»

አበስኩ ገበርኩ! እሳቸው ናቸው ይህን የሚሉት? ቆሽቴ እርር አለ። «እግዜር ይባርክልዎ» ብዬ አለፍኩ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ፤ አማች ናቸው። ቤቴ እስክደርስ ግን ብቻዬን ሳወራ ነበር። ያየኝ ሰው አበደች ሳይል አልቀረም።

ያናደደኝን ልንገርሽ።

አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ይውሉና አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ይገባሉ። ኮታቸውን እናቴ እጅ ላይ ጣል አድርገው በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። ጓሮ ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ነበረቻቸው። ቆርቆሮው አሮጌ ስለነበር በሚስማሩ ቀዳዳ ሁሉ ፀሐይ ይገባል፤ አባቴ ሲሠሩ ሸሚዛቸው ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ይሄድባቸዋል። መላጊያቸውን ይዘው ዋንዛ ሲልጉ፣ ቅራፊው እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ሲወድቅ፣ ዳሷ በሙሉ የእንጨት ሽታ ትሆናለች። ዱካ ሠሩ፣ ሣጥን ሠሩ፣ ለጎረቤት ሁሉ መሰላል ሠሩ። ከማንም ምንም አይቀበሉም። ሰውም «እጁ የተባረከ» እያለ ያመሰግናቸው ነበር። እንጨት እስከሆነ ድረስ ማንም ክፉ አልተናገረም።

ችግሩ የመጣው ከበር ማጠፊያ ነው። ከገበያ የሚገዛው ማጠፊያ ወር ሳይሞላው ይሰበራል። አባቴ ተናደዱ። «በሩን እኔ ሠርቼ ማጠፊያውን ስገዛ ልኑር?» አሉ። ከዚያ የፍየል ቆዳ አልፍተው፣ በእጃቸው ሰፍተው ወናፍ አበጁ። መሬቱን ጎድጎድ አድርገው ከሰል አነደዱ። ከአንድ ጋራዥ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት ለምነው አመጡ።

ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ቆዳው እፍ ሲል ከሰሉ ይቀላል፣ ብረቱም ቀልቶ እንደ ብርቱካን ይሆናል፣ አባቴ በጉጠት ይዘው በመዶሻ ሲሉት ፍንጣሪው እስከ ጣሪያ ይዘልላል። የመጀመሪያው ቢላዋቸው ጠማማ ነበር፤ እናቴ «ይህ ዶሮ አያርድም፣ ዶሮ ያስቃል» አለቻቸው። አባቴ የራሳቸው ቅንድብ ግማሹ ተቃጥሎ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አሁንም ይታየኛል። መሥሪያ ቤት እንደዚያ ሲስቁ ያያቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከዘሩ ወርሶ ነው ይባላል። ዘሩ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፣ ሰው ይበላል። ማረሻውን ከእሱ ይገዛሉ። ማጭዱንም መጥረቢያውንም ከእሱ ይገዛሉ። ከልጁ ጋር ግን አይጋቡም። በየትኛው ሚዛን እንደመዘኑት እግዜር ይወቅ!

ብዙም ሳይቆይ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። ጎረቤታችን፣ አባቴ ማጭዷን ሞርደው የሰጧት ሴት፣ አንድ ጠዋት አባቴ በደጇ ሲያልፉ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ከኋላቸው ነበርኩና በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴም አይተዋል። «እንዴት አደርሽ» ብለዋት አለፉ። ያን ቀን እናቴ «እንጨቱን ይላጉ፣ ማን ከለከለዎ? እሳቱን ግን ይተዉት፣ የሰው አፍ ክፉ ነው» ብላ ለመነቻቸው። አባቴ ወደ ዳሷ ተመለሱ።

ሽማግሌ የመጣብኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተማሪ ሆኜ ሥራ እንደጀመርኩ፣ አብሮኝ የሚያስተምር የሐሙሲት ከተማ ልጅ ነበር። ወድጄዋለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ። እሱም ወዶኛል። አጎቱን ከሁለት ሰዎች ጋር ሽማግሌ አድርጎ ላከ። እነሱም እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ አባቴም «ተሰምቷል፣ ተቀመጡ» አሏቸው። ነገሩ ሁሉ እንደ ቅቤ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አዳምጣለሁ።

አጎትየው ወደ ጓሮ ወጣ ብለው ተመለሱ። ዳሷ ክፍት ነበረች። ሲመለሱ አልተቀመጡም።

«ለመሆኑ» አሉ አጎትየው፣ «ይህ ወናፍ ከማን የወረደ ነው?»

«ከማንም» አሉ አባቴ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ደስ ብሎት ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ።»

ይኸው ነው። ደስታን ዘር አደረጉት! ሰው ከሥራ ወጥቶ ጠላ ቤት ቢሰክር ደስ ብሎት ነው፣ ካርታ ሲጫወት ቢውል ደስ ብሎት ነው። ብረት ሲያግል ግን አያቱ ማን እንደሆነ ይጠየቃል!

ሽማግሌዎቹ «እናስብበት» ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ልጁ፣ የዛሬው ባሌ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መልስ አመጣልኝ። አባቴ እስከ ሰባት ቤት ዘራቸውን በሽማግሌ ፊት ይቁጠሩ፣ ወናፉም ከግቢው ይውጣ። ያለዚያ ነገሩ ቀርቷል። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት። «አጎቴ ናቸው እኮ» አለኝ። ባሌ መልካም ሰው ነው፣ አልክድም። ያችን «አጎቴ ናቸው እኮ» ግን እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ። «ሰባት? እኔ አሥር እቆጥርላቸዋለሁ። ከወዲያ ካህን ነው፣ ከወዲህ ገበሬ ነው። ግን አልቆጥርም። ቀጥቃጭ ቢገኝበትስ? ቀጥቃጭ ባይኖር አባቶቻቸው በምን ያርሱ ነበር፣ በጥርሳቸው?»

እልል ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ እልል አትልም? እኔ ግን ሁለት ቀን አልቅሼ፣ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቀጥታ ወደ ዳሷ ሄድኩ። አባቴ የጋለ ብረት በጉጠት ይዘው መዶሻውን አንሥተዋል።

«እርስዎ ደስ እንዲልዎ ብዬ ቆሜ ልቅር?» አልኳቸው። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። «ወይስ ሰው የሚለው እውነት ነው? እኔም ልመን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ። መዶሻው አልወረደም። ብረቱ እዚያው ጉጠቱ ላይ እንዳለ ቅላቱ ለቀቀ፣ ጠቆረ። አባቴ ቀስ ብለው ከሰሉ ዳር አስቀመጡትና «ቅዳሜ ይምጡ በያቸው» አሉኝ።

ቅዳሜ መጡ። አባቴ ጣታቸውን እያጠፉ፣ ከፋይል ላይ እንደሚያነብ ሰው፣ ስም በስም ሰባቱንም ቆጠሩ። አጎትየው «እንግዲህ ጨዋ ከጨዋ ተገናኘ» ብለው መረቁ። ወናፉን የሚወስድ አንድ ቀጥቃጭ ከከተማው ዳር ተጠርቶ አህያውን ይዞ ደጅ ቆሟል። ግባ ያለው ሰው የለም። አባቴ ወናፉን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ለማየት ተከተሏቸው፣ እኔም በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

ሰውየው ቆዳውን አገላብጦ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና ፊቱ በራ። «ግሩም ስፌት ነው ጌታዬ። ማን ነው የሰፋው?»

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩ። «እንጃ» አሉ። «ገዝቼው ነው።»

በሕይወታቸው ሲዋሹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መዋሸት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ሠርጉ ሞቅ ያለ ነበር፣ ተበላ፣ ተጠጣ። አባቴ እየዞሩ «ብሉ፣ ጠጡ» ሲሉ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ግን እንጨቱንም አልነኩም። እንጨት ማን ከለከላቸው? ማንም! መላጊያው ዳሷ ውስጥ ዛገ። ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንደዚያ ተቀመጡ። እናቴ አንድ ቀን «ምነው፣ አንድ ዱካ እንኳ ይሥሩ እንጂ» ስትላቸው «ምን ያደርጋል» አሏት።

አሁን አየሽው የሚያንገበግበኝን? በአጎትየው እናደዳለሁ። በባሌ እናደዳለሁ፣ ልጇን በሸፈነችው ሴት እናደዳለሁ። ዞሮ ዞሮ ግን የአባቴ ቤት ሲዘረፍ አብሬ የዘረፍኩ እኔ ነኝ። እነሱ ሩቅ ናቸው፤ ወናፉን ስነፋ ያደግኩት እኔ እኮ ነኝ! ደስ ስለሚላቸው እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቅ ነበር?

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ እኛ ዘንድ ናቸው። ከብየዳ ቤቱ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤት ቢላዋዬ እጀታ ወለቀ። ልጥለው ስል አባቴ «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ወደ ብርሃኑ አድርገው አገላበጡት፣ የወለቀበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ድሮ ልኬት ሲያሰሉ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ሮጬ የባሌን ሞረድ አመጣሁላቸው። ተቀበሉኝ።

«መጀመሪያ የግቢውን በር ዝጊው» አሉኝ ቀስ ብለው።

ደሜ ፈላ። «ኧረ በሕግ አምላክ አባባ! ዛሬ ማን ምን ይላል? ይዩ! ሁሉም ይይ!» ብዬ ሄጄ በሩን ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል።

ስመለስ ቢላዋውንና ሞረዱን ጎን ለጎን መሬት ላይ አስቀምጠዋል። ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተዋል። «ተይው ልጄ» አሉኝ፣ «አዲስ ይገዛል።» ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነበር።

ከዚያ ሄጄ በሩን ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውንም ወረወርኩ። ሞረዱን ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው።