እማዬን እንትፍ ያሰኛት ተረት

ልጅ ሆኜ እኔም ተረት ነፍሴ ነበር፣ ካሳ። ግን የጅቡን ተረት ለልጆቼ በድምፅ ላክልኝ ስትለኝ ደሜ ፈላ! የአክስቴ ልጅ ሆነህ፣ አንተ ጋምቤላ ከተማ ስላደግክ ማንም አልነገረህም ማለት ነው? እንግዲህ ዝም ብለህ ስማኝ።

ያኔ ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነበር፣ እኛ ከወሎ የመጣነው ሰፋሪዎች አቦቦ አጠገብ ነበርን። እማዬ ከአልዌሮ ወንዝ ዳር የሸክላ አፈር ታመጣለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ የተሰበረ ገል ፈጭታ ትደባልቅበታለች፤ እሱ ከሌለ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ድስቱን፣ እንስራውን በእጇ ሠርታ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃ፣ በለስላሳ ድንጋይ ፈትጋ፣ ሲመሻሽ የበቆሎ አገዳና ደረቅ ሣር ከምራበት ታቃጥለዋለች። ከዚያ በትኩሱ አውጥታ ውስጡን በተወቀጠ ሰሊጥ ታሸዋለች፣ ውኃ እንዳያፈስ። የዚያ ጭስ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። መንደሩ ሁሉ በእሷ ድስት ይበላል፣ በእሷ እንስራ ይጠጣል! ዋጋው ዕቃው የሚይዘውን ያህል በቆሎ ነበር፤ ግን ደጃችን መሬት ላይ ዘርግፈውላት ይሄዳሉ እንጂ በእጇ አይሰጧትም ነበር።

ጋሽ ይማም ጎረቤታችን ነበር፣ ተረት አዋቂ። ማታ ማታ ፍሙን ከበን፣ ኩራዙ ጥላውን ግድግዳው ላይ እያወዛወዘው፣ ቀን ሸክላ ስትሠራ የምትውል ሴት ማታ ጅብ ሆና ልጅ ስትበላ ይተርክልናል። የልጅ ልጁ ሰይድ ጓደኛዬ ነው፤ በክርኑ ይጎሽመኝና «ያንተ እናት ጅራቷን የት ነው የምትደብቀው?» ይለኛል። እስቅ ነበር። ቀልድ መስሎኝ!

አንድ ቀን ሰይድን ወባ ጣለው። እማዬ ሸክላዋ ላይ እሳት ለኩሳ ቆማለች፣ ሰዎች መጥተው ከበቧት። ጋሽ ይማም ከፊት።

«ልጄን ልቀቂልኝ። ነይ እንትፍ በይበት።»

«ጋሽ ይማም፣ ወባ እኮ ነው! አቦቦ ክሊኒክ ውሰዱት።»

«መጀመሪያ እንትፍ በይ!»

ገባህ? ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላችው ራሷ እንትፍ ስትልበት ነው ይላሉ፤ እንትፍ ካለች «በልቼው ነበር» ብላ አመነች ማለት ነው። እምቢ ካለች ደግሞ ልጁ ሲሞት ገዳይዋ እሷ ናት። እማዬ እኔን አየችኝ፣ እሳቱን አየችው።

«እንትፍ ካልኩ ትወስዱታላችሁ?»

«እንወስደዋለን።»

«በአላህ በል።»

ማለላት። እሳቱን ትታ ሄደች፣ ግንባሩ ላይ እንትፍ አለች።

እነሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «በቃ ለቀቀችው፣ ክሊኒክ ምን ያደርጋል?» ብለው አስተኙት! ላብ ሲያጠምቀው ደግሞ ተሻለው ብለው እልል አሉ። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እማዬ ጥላው የሄደችው ሸክላም ነፋስ ገብቶበት ሁሉም ተሰነጣጥቆ አደረ፣ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት። ከቀብር ሲመለሱ «ራሷ አምናለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የረገጠ የለም፤ ጓዛችንን ጠቅልለን እናንተ ቤት የመጣነውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ሁሉ ማታ እኔ ጋ የቀረው ጅቡ አይደለም፣ ካሳ። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት ምራቋን ስትተፋ አይቻት አላውቅም። በመጨረሻ ሳንባዋን ስትታመም፣ ሐኪሙ ለምርመራ ብልቃጥ ሰጥቷት «እማማ፣ አክታውን እዚህ ላይ ይትፉልኝ» ሲላት፣ ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብላ አየችና ዋጠችው።