ያልታወጀ ሣር

አባቴ የጓሳ ቄሮ ነበር፤ አገሬው መርጦ ሣሩን እንዲያስጠብቅ የሾመው ሰው ማለት ነው። ሜዳውም ሣሩም ስማቸው ጓሳ ነው። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ከዚያም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መከፈቱ ይታወጃል። ሳይታወጅ ያጨደ የቤቱ ክዳን ይገለጣል።

ይህን ቅጣት አባቴ በገዛ እጁ ሲፈጽም አይቻለሁ። አንድ ጎረቤታችን ሳይከፈት ሲያጭድ ተያዘ። ሚስቱ አራስ ነበረች። አባቴ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ክዳኑን እየነጨ ሲጥል ሴትዮዋ ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ከታች ቆማ ታለቅሳለች። "ሕግ አራስ አይለይም" አለ አባቴ። ሰዉ ሁሉ አከበረው። እኔ ግን ፈራሁት።

ከዚያ ደርግ መጣ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፣ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፣ የቄሮ ሹመትም "የፊውዳል ርዝራዥ" ተብሎ ተሻረ። ጓሳን የሚዘጋም የሚከፍትም ጠፋ። የቀረበው በማጭድ፣ የራቀው በጎቹን እየነዳ ገባበት። ማንንም አልወቅስም፤ ችግር ነው ያስገባቸው። በአካባቢያችን ማጭዱን ሰቅሎ የተቀመጠው አባቴ ብቻ ነው።

"ሲታወጅ እናጭዳለን" ይላል።

"ማን ሊያውጅ?" ትለዋለች እናቴ።

"ጓሳ ባለቤት አያጣም።"

የእኛ ቤት ክዳን ግን ካረጀ ቆይቷል። ቆርቆሮ እንኳን ለእኛ ለመሐል ሜዳ ከተማ ሰውም ብርቅ ነበር። ቤቱ መጀመሪያ በምድጃው በኩል አፈሰሰ፣ ቀጥሎ እናቴ በምትተኛበት መደብ ላይ። እናቴ ደረቷን ታማ ነበር። የለበሰችውን ዝተት ጠዋት ጠዋት ጨምቄ እሳት ዳር አሰጣዋለሁ፤ የበግ ጠጉር ውኃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም፣ ሳይደርቅ መልሳ ትለብሰዋለች።

ሰኔ እንደገባ፣ ያ አባቴ ክዳኑን የገለጠበት ጎረቤት ሁለት አህያ ሣር ጭኖ ደጃችን መጣ።

"ዝናቡ ሳይበረታ ይክደኑበት" አለው። "እሜቴ ደኅና አይደሉም ሲሉ ሰማሁ።"

አባቴ ሣሩን ዳሰሰው። ረጅም፣ ለክዳን የደረሰ ሣር ነበር።

"መቼ ታወጀ?"

"ኧረ ጌታዬ፣ ከእንግዲህ ምን አዋጅ አለ!"

"እንግዲያው መልሰህ ውሰደው። ይኸን ከተቀበልኩ ያን ቀን ያንተን ቤት ያፈረስኩት ሕግ ሆኜ አይደለም፣ ቀማኛ ሆኜ ነው።"

ሰውዬው አህዮቹን አዙሮ ነዳ። እናቴ መደቡ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

"ለመሆኑ" አለችው፣ "ሣሩ ነው የሚበልጥብዎ ወይስ እኔ?"

አባቴ ወጥቶ በሚያፈሰው በኩል የገብስ ገለባ ሲጠቀጥቅ ዋለ። ገለባ ዝናብ እንደማይችል እሱም ያውቃል።

ሐምሌ ላይ እናቴ ከመደቡ መነሣት አቃታት። አባቴ ማጭዱን ከተሰቀለበት አወረደ፣ ሳለው፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ጓሳ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሲመለስ በስብሷል፤ በብብቱ የያዘው ሣር አንድ እቅፍ አይሞላም፣ ሥሩም አፈር እንደያዘ ነው። ማጭድ የሚይዘው ሣር አልተረፈም ነበር፤ በእጁ እየነቀለ ነው የመጣው። በእሱ ዘመን ሣር ከሥሩ ለነቀለ ሰው የተደነገገ ቅጣት አልነበረም፤ እንዲህ የሚያደርግ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለማ።

እናቴ በዚያው ሳምንት ሞተች።

ዝናቡ ስላላባራ ለለቅሶው ዳስ መጣል ግድ ሆነ። ጎረቤታችን ያንኑ ሁለት አህያ ሣር ይዞ ተመልሶ መጣ። "ለቀስተኛ መመታት የለበትም" አለ እንጂ አባቴን አልጠየቀውም። አባቴም ቀና ብሎ አላየም። ዳሱ ጥሩ ተከደነ። ሰዉ ደረቅ ቦታ ተቀምጦ ቆሎውን ቆረጠመ፣ እናቴንም አመሰገነ። እኔ ክዳኑን ሳይ እንባዬ ቆመና ንዴት ብቻ ቀረኝ፤ አባቴን ጠላሁት።

ሣልስቱ ሲወጣ ዳሱ ፈረሰ። ጎረቤታችን ሣሩን ሳይወስደው ሄደ። አባቴ ቆይቶ ቆይቶ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አቆመ። እኔ ከታች ሣሩን እያቀበልኩት የቤቱን ክዳን አደሰ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። አባቴ ገብቶ የእናቴን መደብ ከራስጌ እስከ ግርጌ በእጁ እየዳሰሰ ሄደ።

"ደረቅ ነው" አለኝ።