«አትምጡ» ልል ወደ ሱሉልታ

«አንቺ ደረቅ ስለሆንሽ አይከብድሽም፤ ሂጂና አትምጡ በያቸው» አለኝ ወንድሜ ዳዊት፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። እሁድ ልጁ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል። ክርስትና አባት የሚሆኑት የድሮ ጎረቤታችን፣ አሁን ሱሉልታ የሚኖሩት ኦቦ ለሚ ነበሩ። ዳዊትንም ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ የበኩር ልጁንም ሊያነሡ አባቴ በሕይወት እያለ ተነጋግረዋል። ዳዊት ግን በከተማችን በተነሣው ረብሻ ሱቁ ከተሰበረ ወዲህ ኦሮምኛ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

«ልጄን የእኛው ሰው ያንሣልኝ። ለእሳቸው ቀኑ ተላልፏል በያቸው» አለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት፤ ከሰበታ

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ የድሮ ግቢያችንን በመስኮት አየሁት። አሁን የብሎኬት አጥር ሆኗል። በፊት ቅንጭብ ነበር፤ እኛና ኦቦ ለሚ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ። ጥምቀት ሲመጣ ታቦቱ እንዲታየኝ ትከሻቸው ላይ የሚያወጡኝ እሳቸው ነበሩ። ጫማዬ ነጭ ጋቢያቸውን ሲያጨቀየው አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም።

አራት ሰዓት፤ ቡራዩ

በአየር ጤናና በአስኮ ዞሬ ቡራዩ ደረስኩ። ተተኪው ክርስትና አባት የዳዊት ወዳጅ ጋሽ ታደለ ናቸው፤ የግንባታ ዕቃ ይሸጣሉ። ቆርቆሮ እያስጫኑ ተቀበሉኝ፤ ልጁን እንዲያነሡለት ዳዊት እንደላከኝ ነገርኳቸው።

«በደስታ! ዘመኑ ከራስ ሰው ጋር መሆን ነው» አሉ።

«ክርስትና ላይም?»

«ሁሉም ላይ።»

«ታዲያ ክርስቶስ የማን ሰው ነው፣ ጋሼ?»

ጫኞቹ ሳቁ። «ይቺ ልጅ ምላሷ!» አሉና ለስላሳ አስከፈቱልኝ። ሞቅ ያለ ነበር፤ ጠጣሁት።

በመደብሩ ፊት የሚያልፈው መንገድ ገፈርሳ ይወስዳል። ልጆች ሳለን ኦቦ ለሚ ግድቡ ዳር ይዘውን እየሄዱ ባሕር ዛፍ ሥር ዳቦ ይቆርሱልን ነበር። ዳዊት ውሃውን ስለሚፈራ እጃቸውን አይለቅም ነበር።

ሰባት ሰዓት፤ ሱሉልታ

አዲሱ ገበያ ላይ ሌላ ታክሲ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ብርዱ ይጋረፋል፤ ሜዳው ለምለም ነው፤ ላሞች መንገዱ ድረስ ይመጣሉ። ኦቦ ለሚ ከበር በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም ጅርታ፣ ቲጂ!» ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ሳልቀመጥ ባለቤታቸው እርጎ አመጡልኝ። እሳቸው ደግሞ ከቁም ሳጥን ጥቅል አወጡ፤ ለሕፃኑ ያሠሩት ነጭ ልብስ ነው፣ ደረቱ ላይ መስቀል ተጠልፎበታል።

እርጎውን አስቀመጥኩት።

«ዳዊት አትምጡ ብሏል» አልኳቸው። «ቀኑ ተላልፏል በያቸው ነበር ያለኝ፤ አልተላለፈም። ኦሮሞ ስለሆኑ ነው።»

ባለቤታቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ወጡ። ኦቦ ለሚ ልብሱን መልሰው አጣጠፉ።

«ሱቁ ሲሰበር አልደወልኩለትም» አሉ በመጨረሻ። «አፍሬ ነው። የሰበሩት የኛ ልጆች ናቸው፤ ምን ልበለው? ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ግን ቲጂ፣ ዳዊት የአርባ ቀን ልጅ ሳለ ስለ እሱ ሆኜ ሰይጣንን የካድኩት እኔ ነኝ። በኦሮምኛ ነው የካድኩት። ቄሱ ተቀብለውታል።»

«ታዲያ ይምጡ!»

«ሳይጠራኝ አልመጣም። ልብሱን ግን ውሰጂ። ሕፃኑ ምን አጠፋ?»

አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሰበታ

መንገዱን ሙሉ ጥቅሉን ታቅፌው መጣሁ። በዳዊት መፍረድ ቀላል ነው። አንድ ቅዳሴ አስቀድሰን ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ሰላም የምንለውን ሰው መምረጥ ከጀመርን ቆይተናል፤ እኔም መርጬ አውቃለሁ።

ዳዊት ሶፋው ላይ ነበር።

«ተላልፏል አልሻቸው?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

ደነገጠ። «ምን አሉ?»

«አልደወልኩለትም፣ ጥፋቴ ነው አሉ። ከጠራሃቸው ይመጣሉ። ይሄን ለልጁ ልከዋል።»

ፈታው። መስቀሉን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መልሶ ጠቀለለው።

«ነገ መልሺላቸው።»

«ራስህ መልስላቸው።»

ጥቅሉን ጭኑ ላይ ትቼለት፣ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።